ግፊት ሲወርድ የሪዘርቫየር ድንጋይ ምን ያህል ይታመቃል፣ ፐርሚያቢሊቲውስ? አዳማ ሆናችሁ የምትሰሩበት መንገድ

እዚህ አዳማ ጂኦሎጂ ወይ ጂኦተርማል የሚማሩ ልጆች የመመረቂያ ፕሮጀክት ሰሞን ደጋግመው የሚጠይቁት ነገር አለ፣ ሪዘርቫየሩ (ዘይት፣ ጋዝ ወይ ሙቅ ውሃ የያዘው ከመሬት በታች ያለ ድንጋይ) ውስጥ ያለው ግፊት ሲወርድ ፖሮሲቲው (ከድንጋዩ መጠን ውስጥ የቀዳዳው ድርሻ) ስንት ይሆናል፣ ፐርሚያቢሊቲውስ (ፈሳሽ የማሳለፍ አቅሙ)፣ ከዛ ደሞ አንድ ፎርሙላ ከሆነ ቦታ ያገኙና ፖሮሲቲውን ቀንሰው ፐርሚያቢሊቲውን ከሱ አስልተው "ለውጡ ኢምንት ነው" ብለው ይዘጉታል። እኔ የምለው፣ ፖሮሲቲው እውነትም የሚቀየረው ትንሽ ነው፣ ፐርሚያቢሊቲው ግን የራሱ ጸባይ አለው ስለዚህ ለየብቻ ተለክቶ ለየብቻ ነው መሰላት ያለበት። ከታች በቁጥር እያሳየሁ እሄዳለሁ፣ ላብ ለሌለው ካልኩሌተርና ኤክሴል ይበቃዋል።

ስቴፕ 1፦ መጀመሪያ ኢፌክቲቭ ስትረሱን አውጡ

ድንጋዩን ከላዩ ያለው አለት በሙሉ ይጫነዋል (ኦቨርበርደን የሚባለው)፣ ቀዳዳው ውስጥ ያለው ውሃ ወይ ዘይት ወይ ጋዝ ደሞ ከውስጥ ሆኖ ይገፋል (ፖር ፕረዠር)፣ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ የሚጫጫኑት በሁለቱ ልዩነት ነው፣ እሱ ነው ኢፌክቲቭ ስትረስ። ሀሳቡን ለአፈር ያወጣው ቴርዛጊ ነው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ፣ ባዮት ደሞ በ1941 አስፍቶታል (ከዚህ በኋላም ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

ምሳሌ እንያዝና እስከ መጨረሻው እሱን እንጎትት። 3000 ሜትር ጥልቀት ላይ ያለ ሳንድስቶን፣ ፖሮሲቲ 15%፣ ውፍረት 50 ሜትር፣ ፖር ፕረዠር 30 ሜጋፓስካል። ቁጥሩን ለልምምድ ነው ያስቀመጥኩት፣ የኦጋዴኑ ካሉብ ወይ ሂላላ ጋዝ ፊልድ ዳታ ነው ብላችሁ ሪፖርት ላይ እንዳትከቱት።

የኦቨርበርደን ግራዲየንት (በየሜትሩ ጥልቀት የሚጨምረው ጫና) ዴንሲቲ ሎግ (ጉድጓድ ውስጥ የተለካ የድንጋይ ዴንሲቲ) ከሌላችሁ በየሜትሩ 22.6 ኪሎፓስካል ይያዝ። 3000 × 22.6 = 67,800 ኪሎፓስካል፣ ማለትም 67.8 ሜጋፓስካል። ከሱ ላይ 30 ሲቀነስ 37.8። አሁን ተመርቶ ተመርቶ ፖር ፕረዠሩ 15 ሜጋፓስካል ደረሰ እንበል፣ ኦቨርበርደኑ የትም አልሄደም፣ ስለዚህ 67.8 − 15 = 52.8። "ግፊቱ ስለወረደ ድንጋዩ ቀለለው" የሚል ሰው ሁሌ አይጠፋም፣ የውስጡ ደጋፊ ነው የቀነሰው፣ ድንጋዩማ 15 ሜጋፓስካል ተጨመረበት።

ጠንካራና ፖሮሲቲው ዝቅ ያለ ድንጋይ ከሆነ ፖር ፕረዠሩን በባዮት ኮኤፊሸንት ማባዛት አለ፣ 1 ሲቀነስ (የድንጋዩ ጠቅላላ ቦልክ ሞዱለስ፣ ማለትም ላለመታመቅ ያለው ጥንካሬ፣ ሲካፈል ለቅንጣቱ ሞዱለስ) ነው። የኳርትዝ ቅንጣት 37 ጊጋፓስካል አካባቢ ስለሆነ፣ ድንጋዩ 15 ጊጋፓስካል ቢሆን ኮኤፊሸንቱ 0.59 ይመጣል። ይሄ ግን የጠቅላላ መጠን ለውጥን ስታሰሉ ነው፣ ለቀዳዳው መጠንና ለፐርሚያቢሊቲ ብዙ ሰው 1 አድርጎ ነው የሚሰራው፣ እኛም እንደዛው እናድርግ።

ስቴፕ 2፦ ኮምፕረሲቢሊቲውን ለጊዜው ገምቱ

እዚህ ላይ የምንፈልገው የቀዳዳ መጠን ኮምፕረሲቢሊቲ ነው፣ ግፊት በአንድ ዩኒት ሲቀየር የቀዳዳው መጠን ከራሱ በስንት ክፍልፋይ ይቀየራል የሚለው። ከቅንጣቱ ኮምፕረሲቢሊቲም ከጠቅላላ ድንጋዩም ይለያል፣ ሶስቱን ማደበላለቅ በጣም የተለመደ ነው ስለዚህ የምታነቡት ሰንጠረዥ ላይ የየትኛው እንደሆነ ሳታረጋግጡ ቁጥር አትውሰዱ።

ለግምት ሁለት የቆዩ ፎርሙላዎች አሉ። የሆል (1953)፦ 1.782 ን (ፖሮሲቲ በ0.438 ፓወር) ለሚለው አካፍሉ። የኒውማን (1973) ለተጣበቀ ሳንድስቶን፦ 97.32 ን (1 + 55.8721 × ፖሮሲቲ) በ1.42859 ፓወር ለሚለው አካፍሉ። ፖሮሲቲው በፐርሰንት ሳይሆን 0.15 ተብሎ ነው የሚገባው፣ መልሱ ደሞ በፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ስንት ሚሊዮንኛ የሚል ነው። ለኛ ምሳሌ ሆል 4.1 ኒውማን 4.0 ይሰጣሉ፣ 4 እንበለው። 1 ሜጋፓስካል 145 ፒኤስአይ ስለሆነ 4 ሚሊዮንኛ × 145 = 0.00058 በሜጋፓስካል።

ሁለቱ ስለተስማሙ ልክ ነው ማለት እንዳይመስላችሁ። ኒውማን ራሱ የሰበሰበው ዳታ ተበታትኖ ነው ያለው በተለይ ያልተጣበቀ አሸዋ ላይ ጭራሽ መስመር የለውም፣ ድንጋይ ካላችሁ ለኩት ነው ነገሩ።

ስቴፕ 3፦ ኮር ሆልደር ያለው ላብ ካገኛችሁ

ኮር ሆልደር የድንጋይ ናሙና ይዞ በግፊት የሚጭን መሳሪያ ነው። ፕላጉ (ከኮሩ፣ ማለትም ከጉድጓድ ከወጣው ድንጋይ፣ የሚቆረጠው ሲሊንደር) ብዙ ጊዜ ዲያሜትሩ 25 ወይ 38 ሚሊሜትር ነው። ጠርባችሁ ሁለቱን ጫፍ አስተካክላችሁ፣ አድርቃችሁ፣ በቫኪዩም አየሩን አውጥታችሁ በጨው ውሃ ትሞሉታላችሁ። ከዛ ላስቲክ ስሊቭ ውስጥ ይገባል፣ ዙሪያውን በሃይድሮሊክ ዘይት ይጫናል፣ ፖር ፕረዠሩ ባለበት ተይዞ የውጪው ግፊት ደረጃ በደረጃ ሲጨምር ከድንጋዩ የሚወጣው ውሃ ቀጭን ቢሬት (መለኪያ ምልክት ያለበት ቱቦ) ላይ ይነበባል። የወጣው ውሃ ሲካፈል ለመጀመሪያው የቀዳዳ መጠን ሲካፈል ለግፊቱ ለውጥ፣ በቃ ኮምፕረሲቢሊቲው እሱ ነው።

ማብራሪያው አጭር ነው ግን ጣጣው ብዙ ነው። የሚወጣው ውሃ በጣም ትንሽ ስለሆነ የክፍሉ ሙቀት ከጠዋት እስከ ከሰዓት መቀየሩ ብቻ ቁጥሩን ያበላሻል፣ አዳማ ላይ ደሞ ከሰዓቱን ታውቁታላችሁ፣ ስለዚህ ቴምፕሬቸር የሚይዝ ክፍል ከሌለ ማታ ወይ ጠዋት በማለዳ ስሩ። ቀጥሎ፣ ስሊቩ በመጀመሪያዎቹ ግፊቶች የድንጋዩ ገጽ ላይ ያለውን ሸካራ ሲሞላ ውሃ ይገፋል፣ እሱ ከድንጋዩ የወጣ አይደለም፣ ለዚህ ነው ቀዳዳ የሌለው ብረት ሲሊንደር በድንጋዩ ቦታ አስገብታችሁ አንድ ጊዜ ሙሉ ፈተናውን ደግማችሁ የመሳሪያውን የራሱን ንባብ መቀነስ ያለባችሁ። እያንዳንዱ ደረጃ ላይም ቢሬቱ እስኪረጋ መጠበቅ ነው፣ ሸክላ ያለበት ድንጋይ ይቆያል።

መብራት ከጠፋ ደሞ ሁሌም ፖር ፕረዠሩ ነው መጀመሪያ የሚለቀቀው። የውጪው ግፊት ከውስጡ በታች ከወረደ ስሊቩ ከድንጋዩ ይላቀቅና ያ ፈተና አለቀለት። ዘይት ሲያፈስ በእጅ እንዳትዳብሱ፣ በዚህ ግፊት የሚወጣ ቀጭን ዘይት ቆዳ ይበሳል።

ስቴፕ 4፦ ከሌላችሁ ወደ ሲቪል ልጆች ሂዱ

ኮር ሆልደር በየቦታው የለም፣ ኦዶሜትር (አፈርን ከላይ እየጫነ መታመቁን የሚለካ መሳሪያ) ግን የአፈር ላብ ባለበት ሁሉ አለ። ከድንጋይ ጋር አይወዳደርም፣ ብዙውን ጊዜ 1600 ወይ 3200 ኪሎፓስካል ላይ ያበቃል የኛ ሪዘርቫየር ደሞ 37,800 ላይ ነው የሚጀምረው፣ ግን ያልተጣበቀ ነገር እንዴት እንደሚታመቅ ለማየትና ስሌቱን እጅ ለማስለመድ ከሱ የተሻለ የለም። ናሙና ደሞ አዳማ ላይ ችግር አይደለም፣ ለብሎኬት የሚሆነውን ፑሚስ (ቀላሉን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) በየብሎኬት ማምረቻው ታገኛላችሁ፣ ንጹህ የወንዝ አሸዋ ደሞ ጎን ለጎን ለማወዳደር።

ሁለቱንም በተመሳሳይ የቅንጣት መጠን ንፉ፣ 20 ሚሊሜትር ከፍታ ባለው ቀለበት ሙሉ፣ 50፣ 100፣ 200፣ 400፣ 800፣ 1600 ኪሎፓስካል በየደረጃው እጥፍ እያደረጋችሁ ጫኑ። ለሸክላ 24 ሰዓት ነው የሚባለው፣ አሸዋ ያን ያህል አይፈልግም፣ ንባቡ ሲረጋ ቀጥሉ። በየደረጃው የከፍታው ለውጥ ሲካፈል ለመነሻ ከፍታ ሲካፈል ለተጨመረው ጫና፣ ይሄ የጠቅላላው ኮምፕረሲቢሊቲ ነው፣ ለፖሮሲቲ ስታካፍሉት የቀዳዳው ይሆናል። ከዛ ጫናውን እየቀነሳችሁ ተመለሱ። አሸዋው ትንሽ ይመለሳል፣ ፑሚሱ ግን ቅንጣቱ ራሱ አረፋ ስለሆነ ከኳርትዝ አሸዋ ቀድሞ ይደቃል፣ አንዴ ከደቀቀ ደሞ መመለስ የሚባል ነገር የለም። ሲጨርሱ መልሶ መንፋትና ስንት ዱቄት እንደወጣ መመዘን እንዳይረሳ፣ ከሙሉ ፈተናው እኔ የምወደው ክፍል እሱ ነው።

ስቴፕ 5፦ የላቡን ቁጥር ወደ መሬት ውስጡ ቀይሩ

ኮር ሆልደሩ ድንጋዩን ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ይጫነዋል። መሬት ውስጥ ግን ሪዘርቫየሩ ወደ ታች ይታመቃል እንጂ ወደ ጎን ጎረቤቱ አያላውሰውም፣ የጎኑም ስትረስ ፖር ፕረዠሩ ሲወርድ አብሮ ይወርዳል፣ ስለዚህ ላይ የተጨመረው 15 ሜጋፓስካል ቢሆንም የሶስቱ አቅጣጫ አማካይ ጭማሪ ከዛ ያነሰ ነው። ፖይሰን ሬሾ ድንጋዩ ከላይ ሲጫን ወደ ጎን ምን ያህል እንደሚሰፋ የሚናገር ቁጥር ነው። ማረሚያው (1 + ፖይሰን ሬሾ) ሲካፈል ለ (1 − ፖይሰን ሬሾ)፣ የመጣው ለ3 ይካፈላል፣ ቴው የሚባል ሰው በ1971 ያወጣው ነው። ፖይሰን ሬሾ 0.25 ከሆነ 0.556 ይመጣል።

0.00058 × 0.556 = 0.00032 በሜጋፓስካል። በ15 ሲባዛ 0.0048፣ የቀዳዳው መጠን ግማሽ ፐርሰንት ሊሞላ ምንም አልቀረውም ማለት ነው። ፖሮሲቲው ከ15% ወደ 14.93%። አዎ፣ ይሄን ያክል ብቻ ነው።

ግን ትንሽ ስለሆነ ተዉት ማለት አይደለም። የውሃ ኮምፕረሲቢሊቲ ራሱ በፒኤስአይ 3 ሚሊዮንኛ ገደማ ነው፣ ማለትም ዘይቱ ከበብል ፖይንት (ጋዝ ከዘይቱ መለየት ከሚጀምርበት ግፊት) በላይ በሆነበት ሪዘርቫየር ላይ የድንጋዩ መታመቅ ከፈሳሹ መስፋፋት ጋር የሚስተካከል ጉልበት ነው፣ ማቴሪያል ባላንስ (ከወጣው ፈሳሽና ከግፊቱ ቅናሽ ተነስቶ ስር ያለውን ዘይት የሚገምተው ስሌት) ላይ ከረሳችሁት ዘይቱን ካለው በላይ አድርጋችሁ ትገምታላችሁ። ጋዝ ላይ ግን ጋዙ ራሱ እጅግ ስለሚሰፋ የድንጋዩ ብዙም አይታይም፣ ግፊቱ ከኖርማል በላይ ካልሆነና ድንጋዩ ለስላሳ ካልሆነ በቀር።

ስቴፕ 6፦ ፐርሚያቢሊቲ፣ ዋናው ጉዳይ

የተለመደው መንገድ ኮዜኒ ካርማን ነው፣ ፐርሚያቢሊቲ ከ (ፖሮሲቲ በ3 ፓወር ሲካፈል ለ (1 − ፖሮሲቲ) በ2 ፓወር) ጋር አብሮ ይሄዳል የሚለው። የኛን ቁጥር አስገቡበት፣ 0.15 እና 0.1493፣ ፐርሚያቢሊቲው የሚቀንሰው 1.6% ብቻ ነው ይላችኋል። ልጆቹ የሚዘጉት እዚህ ጋ ነው።

ፋትና ዴቪስ የሚባሉ ተመራማሪዎች ግን ገና በ1952 ሳንድስቶን ላብ ውስጥ ጭነው ሲለኩ በ3000 ፒኤስአይ (21 ሜጋፓስካል ገደማ) ፐርሚያቢሊቲው ካለ ጫና ከነበረው ከ59 እስከ 89% ነው የቀረው። ለምን ቢባል፣ ፖሮሲቲን የሚሰጡት ትልልቆቹ ክብ ክብ ቀዳዳዎች ናቸው፣ እነሱ ለጫና አይበገሩም፣ ፍሰቱን የሚወስኑት ግን በቀዳዳዎቹ መሀል ያሉት ጠባብ አንገቶችና ስስ ስንጥቆች ናቸው፣ የሚዘጉትም መጀመሪያ እነሱ ናቸው። በበዓል ዋዜማ አዳማ ገበያ አስቡት፣ ሜዳው ያው ሜዳ ነው፣ መውጫው ላይ አንድ ጋሪ ሲቆም ግን ሁሉም ይቆማል። ቀድሞውንም ጠባብ የሆነ (ታይት የሚባለው) ድንጋይ ላይ ጉዳቱ የሚብሰውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ስሩ። ፕላጉን ቢያንስ አራት አምስት የስትረስ ደረጃ ላይ ለኩት፣ ደረጃዎቹ የሪዘርቫየሩን መነሻና መድረሻ ያቀፉ ይሁኑ። ከመለካታችሁ በፊት አንድ ጊዜ እስከ ሪዘርቫየሩ መነሻ ስትረስ ድረስ ጭናችሁ መልሱት፣ ኮሩ ከጥልቀት ሲወጣ የተፈጠሩ ስንጥቆች ስላሉ የመጀመሪያው ጭነት ከመሬት ውስጡ ጸባይ የባሰ ቅናሽ ያሳያችኋል። ሩቲን ተብሎ የሚመጣው የኮር ሪፖርት ደሞ ብዙ ጊዜ በ800 ፒኤስአይ (5.5 ሜጋፓስካል) የተለካ ነው፣ 37.8 ላይ ላለ ድንጋይ እሱን ቀጥታ መውሰድ አይሆንም።

በጋዝ የምትለኩ ከሆነ የክሊንከንበርግ ማረሚያ የሚባል አለ። ጋዝ በዝቅተኛ ግፊት የቀዳዳው ግድግዳ ላይ ስለሚንሸራተት ፐርሚያቢሊቲው ከእውነተኛው ከፍ ብሎ ይነበባል፣ በሶስት አራት የጋዝ ግፊት ለክታችሁ ከ (1 ሲካፈል ለአማካይ ግፊት) ጋር ግራፍ ሰርታችሁ መስመሩን ወደ ዜሮ ትጎትቱታላችሁ። የጋዙን ግፊት ስትጨምሩ የውጪውንም በዛው ልክ ጨምሩ፣ አለበለዚያ ኢፌክቲቭ ስትረሱ እየወረደ ሁለት ነገር አንድ ላይ ትለካላችሁ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይለይም። አማካይ ግፊቱ ደሞ አብሶሉት ነው፣ ጌጁ ካነበበው ላይ የከባቢ አየር ይደመራል፣ መጽሐፍ ላይ 101 ኪሎፓስካል ቢልም እሱ ባህር ጠለል ላይ ነው፣ አዳማ ከ1600 ሜትር በላይ ስለሆነች 83 አካባቢ ነው የምትወስዱት፣ ባሮሜትር ካለ ደሞ የእለቱን። ጌጁ ዝቅተኛ በሆነበት ንባብ ላይ ይሄ ልዩነት በደንብ ይታያል።

አሁን ስሌቱ። በ20 ሜጋፓስካል 4.0 ሚሊዳርሲ (የፐርሚያቢሊቲ መለኪያ ነው)፣ በ55 ሜጋፓስካል 2.4 ሚሊዳርሲ አነበባችሁ እንበል (ይሄም የልምምድ ቁጥር ነው)። ኤክስፖኔንሺያል ሞዴል ስትጠቀሙ የሎጋሪዝማቸው ልዩነት ሲካፈል ለስትረሱ ልዩነት፣ የ1.667 ናቹራል ሎግ 0.511 ነው፣ ለ35 ሲካፈል 0.0146 በሜጋፓስካል። ይሄ የስትረስ ሴንሲቲቪቲው ነው። በ37.8 ላይ 3.1፣ በ52.8 ላይ 2.5 ሚሊዳርሲ ይሰጣችኋል፣ 20% ቀነሰ ማለት ነው። ኮዜኒ ካርማን 1.6% ካለው ጋር አስተያዩት።

እዚህ ላይ ጠንቀቅ ያለ አማካሪ "ላቡ ከሁሉም አቅጣጫ ነው የጫነው፣ አንተ ግን የወሰድከው የላዩን 15 ሜጋፓስካል ነው" ብሎ ይይዛችኋል፣ ልክም ነው። በስቴፕ 5 ማረሚያ አማካይ ጭማሪው 15 × 0.556 = 8.3 ሜጋፓስካል ነው፣ በሱ ስታሰሉት ቅናሹ 11.5% አካባቢ ይሆናል። እኔ ሁለቱንም ጽፌ ከ11.5 እስከ 20% ነው እላለሁ፣ ዝቅተኛው እንኳ ከኮዜኒ ካርማን ሰባት እጥፍ ነው። አራት አምስት ነጥብ ካላችሁ ደሞ ሌላም ሞክሩ፣ የፐርሚያቢሊቲው ኪዩብ ሩት ከስትረሱ ሎግ ጋር ሲሳል ስንጥቅ ያለበት ድንጋይ ላይ ብዙ ጊዜ ቀጥ ያለ መስመር ይወጣል።

የጂኦተርማል ልጆች፣ እናንተ ጋ ነገሩ ይብሳል። እዚሁ ስምጥ ሸለቆ አሉቶ ላንጋኖ ላይ እንፋሎቱ የሚመጣው በዋናነት በስንጥቅና በፎልት (በመሬት ስብራት) ነው፣ በስንጥቅ ውስጥ ፍሰት ከክፍተቱ ኪዩብ ጋር ነው የሚሄደው፣ ክፍተቱ 20% ቢጠብ 0.8 × 0.8 × 0.8 = 0.51፣ ፍሰቱ በግማሽ ወረደ። ፖሮሲቲው ላይ ግን ይሄ ለውጥ ጭራሽ አይታይም።

ስቴፕ 7፦ ግፊቱ ተመልሶ ሲወጣ

ውሃ ወደ ሪዘርቫየሩ ሲረጭ (ኢንጀክሽን) ፖር ፕረዠሩ ይወጣል ኢፌክቲቭ ስትረሱ ይወርዳል፣ ፐርሚያቢሊቲው ግን በመጣበት መንገድ አይመለስም። ስለዚህ ላብ ላይ የማራገፊያውንም ንባብ ውሰዱ፣ ኤክሴል ላይ ሁለት የተለያየ ኮለመን ይሁን፣ አንድ መስመር አድርጋችሁ እንዳታልፉት።

ኖርዌይ ኤኮፊስክ የሆነውን ማወቅ ይጠቅማል። በ1969 የተገኘ የኖራ ድንጋይ (ቾክ) ሪዘርቫየር ነው፣ ግፊቱ ሲወርድ ድንጋዩ ታምቆ የባህሩ ወለል ወረደ፣ በ1984 ታወቀ፣ በ1987 ፕላትፎርሞቹን 6 ሜትር ወደ ላይ ማንሳት ግድ ሆነ። ውሃ መርጨት ተጀመረ፣ ግፊቱ ተመለሰ፣ መታመቁ ግን ወዲያው አልቆመም ምክንያቱም ውሃው ራሱ ቾኩን ያዳክመዋል። ካሊፎርኒያ ዊልሚንግተን ላይ ደሞ መሬቱ 9 ሜትር ገደማ ከሰመጠ በኋላ ነው በውሃ መርጨት ያስቆሙት፣ የሰመጠው ግን ብዙም አልተመለሰም። እና ሪዘርቫየራችሁ ቾክ ወይ ያልተጣበቀ አሸዋ ከሆነ የስቴፕ 2 ፎርሙላዎች አይሰሩም፣ ኮምፕረሲቢሊቲው ከ4 ሚሊዮንኛ ተነስቶ በብዙ እጥፍ ሊዘል ይችላል፣ የቀዳዳው መዋቅር የሚፈርስበትን ስትረስ በላብ ማግኘት ግዴታ ነው።

ስቴፕ 8፦ መታመቁና ሪፖርቱ

የሪዘርቫየሩ ውፍረት ስንት ይቀንሳል ለሚለው፣ ፖሮሲቲ × የታረመው ኮምፕረሲቢሊቲ × የግፊት ለውጥ × ውፍረት። 0.15 × 0.00032 × 15 × 50 = 0.036 ሜትር፣ 3.6 ሴንቲሜትር። ከላይ መሬቱ ላይ የሚታየው ከዚህ ያንሳል በተለይ ሪዘርቫየሩ ጠባብና ጥልቅ ከሆነ።

ሪፖርቱ ላይ ከቁጥሮቹ ጎን እነዚህን ጻፉ፦ መነሻና መድረሻ ኢፌክቲቭ ስትረስ፣ ጭነቱ ከሁሉም አቅጣጫ ነው ወይስ ከላይ ብቻ፣ የወሰዳችሁት ፖይሰን ሬሾ፣ የባዮት ኮኤፊሸንት፣ የለካችሁበት ፈሳሽና ሙቀት፣ ንባቡ የመጫኛው ነው ወይ የማራገፊያው። ናሙናው ከገደል ላይ የተቆረጠ ከሆነ (አባይ በረሃ ላይ የሚታየው አዲግራት ሳንድስቶን ለምሳሌ) እሱንም ጻፉት፣ ፀሀይና ዝናብ የበላው ድንጋይ ኦጋዴን ስር ካለው ወንድሙ ይለሰልሳል።

የኤክሴሉ አሰላለፍ ለሚቸገር፦ የመጀመሪያው ኮለመን ፖር ፕረዠር ከ30 እስከ 15 በ1 ሜጋፓስካል እየወረደ፣ ሁለተኛው ኢፌክቲቭ ስትረስ፣ ሶስተኛው ፖሮሲቲ፣ አራተኛው ፐርሚያቢሊቲ በላይኛው ግምት፣ አምስተኛው በታችኛው፣ ስድስተኛው የተጠራቀመ መታመቅ። ኮምፕረሲቢሊቲውንና ሴንሲቲቪቲውን በየረድፉ አትጻፉ፣ ለብቻቸው ሴል ላይ አድርጋችሁ ቆልፏቸው፣ ላብ አዲስ ቁጥር ሲሰጣችሁ እዛ ብቻ ትቀይሩና ሁሉም ራሱ ይስተካከላል።